ላዳዬ ባትሪ ታፈላለች፤ ሬጉሌተር ቢቀየርም 15.6 ቮልት

ሰማያዊ ላዳ (ባሕር ዳር) ጻፈ፦

ሰላም ቤተሰብ። የአሮጌ መኪና ነገር የሚገባችሁ ሰዎች እዚህ ስላላችሁ ነው የመጣሁት።

መኪናዋ ላዳ 1600 ናት። ከአጎቴ ነው ያገኘኋት። እወዳታለሁ፣ መሸጥ አላስብም።

ከተማ ውስጥ ከሽንብጥ ጊዮርጊስ፣ ከዚያ ፋሲሎ ስመላለስ ምንም አይታይባትም። ወደ ወረታ ስወጣ ግን ሐሙሲት ሳልደርስ የተበላሸ እንቁላል የሚመስል ሽታ ይመጣል። ቆሜ ኮፈኑን ስከፍት ባትሪው እንደ ሽሮ ድስት ይንተከተካል። ክዳኖቹ ዙሪያ እርጥብ ነው። ባትሪው የተቀመጠበት ላሜራ ቀለሙ ተልጦ ዝገት ጀምሯል። ውሃ በየጊዜው ይጎድላል። የፊት አምፖልም አይበረክትም። ማታ በአባይ ድልድይ ስሻገር ከፊት የሚመጣው ሹፌር ረጅም መብራት ያበራሁ መስሎት ፍላሽ ያደርግብኛል።

አንድ ጋራዥ የዲናሞውን ቮልት የሚቆጣጠረው ሬጉሌተር ነው ብሎ ቀየረ። ያው ነው። ሌላው ዲናሞውን ፈትቶ ካርቦን ቀየረ። አሁንም ያው። አሁን ደግሞ ሌላ ሬጉሌተር ከአዲስ አበባ፣ ከሶማሌ ተራ አስመጣ እየተባልኩ ነው። ገንዘቡም ያማል፣ ከዚያ በላይ ግን ማንም ምክንያቱን ሳይነግረኝ ዕቃ መቀየሩ ነው ያበሳጨኝ።

ቴስተር ገዝቼ ራሴ ለካሁ። ሞተሩ ጠፍቶ፣ መኪናዋ አድራ፦ 12.6። በሚኒሞ (ጋዝ ሳልሰጥ)፦ 14.5። ጋዝ ሰጥቼ ስይዘው፦ 15.6። ዳሽቦርዱ ላይ ያለው ቀይ የቻርጅ መብራት ግን አይበራም። እሱን ብቻ ካያችሁ ሁሉም ደህና ይመስላል።

ምን ልፈትሽ?

ቺንጋ ጻፈ፦

15.6 ከሆነ እስኪስተካከል ረጅም መንገድ አትውጣባት። ከባትሪው የሚወጣው ሃይድሮጅን ነው፣ በትንሽ ብልጭታ ይፈነዳል። ኮፈን ከፍተህ ስታይ ሲጋራ የሚያጨስ ሰው አጠገብህ አይቁም።

ወረታ መንገድ ጻፈ፦

እኔም ላዳ ነው የምነዳው። የሬጉሌተሩን ክዳን ክፈትና ስፕሪንጉን በጥቂቱ አላላው። ቮልቱ ይወርዳል። የኔ እንደዚያ ተደርጎ እስከ ዛሬ ደህና ነው። ሶማሌ ተራ ድረስ ምን አስኬደህ?

ኤሌክትሪክ ቤት ጻፈ፦

ሰማያዊ ላዳ፣ ከመቀየርህ በፊት መለካትህ ጥሩ ነው። ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ፣ ምክንያቱም ይህ ችግር በላዳ ላይ በጣም የተለመደ ሆኖ ሳለ ሰው ሁሉ ሬጉሌተር እየገዛበት ነው።

ጋዝ ሲሰጥ ቮልቱ እንዲህ የሚወጣበት ምክንያት ሦስት ነው። ሬጉሌተሩ ራሱ ተበላሽቷል፤ ኮንታክቱ ተጣብቆ ሊሆን ይችላል። ወይም ወደ ዲናሞው ሮተር (ውስጡ ወደሚዞረው ክፍል) የሚሄደው ገመድ ተልጦ ኃይል ያለውን ሌላ ገመድ ይነካል። ወይም ሬጉሌተሩ ጤነኛ ነው፣ የሚደርሰው ቮልት ግን ትክክለኛው አይደለም። አንተ ሬጉሌተር ቀይረህ ምንም ለውጥ ካላየህ እኔ ወደ ሦስተኛው ነው የማደላው።

2105 እና 2107 ከሚባሉት ሞዴሎች በፊት የመጡት ላዳዎች ላይ ሬጉሌተሩ ከዲናሞው ጋር አብሮ አይደለም። ኮፈኑን ስትከፍት ከጎማው በላይ ባለው ላሜራ ላይ በብሎን የታሰረችው ትንሽ ሳጥን ናት። ሁለት ገመድ ይገባባታል። አንዱ 15፣ ሌላው 67 ይባላል። በ15 በኩል ከኮንታክት ቁልፉ ኃይል ይመጣላታል። በ67 በኩል ወደ ሮተሩ ትልካለች። ሦስተኛው መስመር ለዓይን አይታይም፤ የራሷ ቆርቆሮ ነው። በብሎኖቹ አማካይነት ከቦዲው ማሳ፣ ማለትም የባትሪውን ኔጌቲቭ፣ ታገኛለች።

አሁን ይህን በደንብ ያዝልኝ። ሬጉሌተሯ ባትሪህን በቀጥታ አታየውም። የምታየው በ15 እና በራሷ ቆርቆሮ መካከል ያለውን ቮልት ብቻ ነው። እሱን 14.1 አካባቢ መያዝ ነው ሥራዋ። ከባትሪው የተነሳው ኃይል 15 እስኪደርስ ግን ብዙ ቦታ ያልፋል። ኮንታክት ቁልፍ ውስጥ ይገባል፣ በየማያያዣው ያልፋል፣ ፊውዝ ሳጥን ይደርሳል፣ ከዚያ ተመልሶ ወደ ሞተር ክፍል ይመጣል። መሀል ላይ የላላ ወይም አረንጓዴ ያወጣ ነገር ካለ 1 ቮልት እዚያው ይቀራል። ሬጉሌተሯ ገና አልሞላም ብላ ዲናሞውን ታስጨምረዋለች። እሷ ጋ 14.1 ሲደርስ ባትሪው ጋ 15 አልፏል። እሷ ሥራዋን በትክክል ሠርታለች።

ስለዚህ እንዲህ አድርግ። ሞተሩን አስነሳና ረዳት ሰው ጋዝ ይዞልህ ይቆይ። ቺንጋውና ፋኑ እንዳይዙህ እጅጌህን ሰብስብ። የቴስተሩን ቀይ የባትሪው ፖዘቲቭ ላይ፣ ጥቁሩን 15 ላይ አድርግ። ገመዱ ከቦታው እንዳይነቀል፣ እንደተሰካ ነው የምትነካው። የምታነበው መንገድ ላይ የቀረውን ቮልት ነው። 0.2 ወይም 0.3 ቢሆን ምንም አይደለም። ከዚያ ካለፈ ሌባህን አገኘኸው። ቀጥለህ የማሳውን ወገን ለካ፤ ጥቁሩ የባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ቀዩ የሬጉሌተሯ ቆርቆሮ ላይ። እዚያ ከ0.1 ብዙም መብለጥ የለበትም። ሙሉ ቀለም የተቀባች መኪና ከሆነች ብሎኖቹ ሥር ቀለም ገብቶ ይህንኑ በሽታ ያመጣል። ብዙ ቆንጆ ላዳ ከቀለም ቤት ወጥታ ባትሪ ማፍላት የጀመረችው በዚህ ነው።

አንድ ሌላ ምልክት ልስጥህ። ባትሪው ላይ እየለካህ የዝናብ መጥረጊያውንና የማሞቂያውን ፋን አብራ። በጤነኛ መኪና ቮልቱ ትንሽ ይወርዳል ወይም ባለበት ይቆማል። በአንተ ላይ ወደ ላይ ከወጣ፣ መጥረጊያውና ሬጉሌተሩ አብረው የሚጠቀሙበት መስመር ላይ፣ ማለትም ኮንታክት ቁልፉ አካባቢ ችግር አለ። ጭነት ሲበዛ እዚያ የሚቀረው ቮልት ስለሚበዛ ነው።

ስለ ቀዩ መብራት፦ በድሮዎቹ ላዳዎች ያ መብራት የሚጠፋው ዲናሞው ማመንጨት ሲጀምር ነው። አነሰ እንጂ በዛ ብሎ የሚነግርህ አይደለም።

ወንድሜ ወረታ መንገድ፣ ስፕሪንጉ ቢላላ ቮልቱ መውረዱ እውነት ነው። ግን የላላው ኮንታክት እዚያው እየሞቀ ይቀራል። አንድ ቀን ፊውዙን ነካ ስታደርገው ኮንታክቱ ይስተካከልና ባትሪህ በተቃራኒው መሙላት ያቆማል። የዚያን ጊዜ ምክንያቱን ፈልጎ ማግኘት ከዚህም ይከብዳል።

በመጨረሻ፣ ማንም መካኒክ ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ገመድ ነቅሎ ዲናሞ ልፈትን ቢልህ እጁን ያዘው። የባትሪው ገመድ በድንገት ሲነቀል ቮልቱ ዘሎ የዲናሞውን ዳዮዶች ያቃጥላል። የመኪና ሬዲዮም አይተርፍም።

ወረታ መንገድ ጻፈ፦

ጋሼ፣ እንደዚህ ተብራርቶ ሰምቼ አላውቅም። እኔም እሑድ የኔን እለካለሁ። ስፕሪንጉ ከመነካቱ በፊት የኔም አምፖል ታቃጥል ነበር።

ፖሊ ሰፈር ጻፈ፦

አምፖሉ ለምን እንደሚቃጠል ልጨምር። የክር አምፖል ዕድሜ ለቮልት በጣም ስስ ነው። 5 በመቶ ብቻ ሲበዛበት ዕድሜው በግማሽ አካባቢ ይቀንሳል። 14.1 የሚገባው 15.6 ሲያገኝ ጭማሪው ከ10 በመቶ ያልፋል፤ ዕድሜው ወደ ሩብ ይወርዳል ማለት ነው። ኢግኒሽን ኮይሉም ከልክ በላይ ይሞቃል።

ባትሪው ስድስት ሴል አለው። አንዱ ሴል 2.4 ቮልት አካባቢ ሲደርስ ውሃው ወደ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን መበተን ይጀምራል። በስድስት ሲባዛ 14.4 ነው። ከዚያ በላይ የምትልከው ኃይል ባብዛኛው ውሃ ማፍረሻ ነው የሚሆነው። ሙቀት ደግሞ ያባብሰዋል። ለ12 ቮልት ባትሪ ሙቀቱ በአንድ ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የሚያስፈልገው ቮልት ከ0.02 እስከ 0.03 ይቀንሳል። በሚያዝያ የባሕር ዳር ቀትር፣ ኮፈን ሥር ለሚቀመጥ ባትሪ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ለዚያ ባትሪ 15.6 ጭካኔ ነው።

በነገራችን ላይ ፖሊ (የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ) ራሱ በ1963 እ.ኤ.አ. በሶቪየት ኅብረት ትብብር ነው የተቋቋመው። ላዳም ከዚያው አገር ናት፤ የፊያት 124ን መሠረት ይዛ በ1970 እ.ኤ.አ. ቶሊያቲ ላይ መመረት የጀመረች። ባሕር ዳር ላይ ላዳ በደንብ የሚያውቅ ሰው መጥፋት የለበትም ባይ ነኝ።

ባትሪ ሻጭ ጻፈ፦

ከኔ ሥራ አንጻር አንድ ነገር። ባትሪ ፈላ ማለት ሁልጊዜ ቮልት በዛ ማለት አይደለም። አንድ ሴል ውስጡ ከተገናኘ የቀሩት አምስቱ ብቻቸውን 14 ቮልት ይሸከማሉ፣ ቴስተሩ ትክክለኛ ቁጥር እያሳየም ይፈላሉ። እንዲህ ያለው ባትሪ አድሮ ሲለካ 10.5 አካባቢ ነው የሚያሳየው። ሰማያዊ ላዳ አድሮ 12.6 ስላነበበ ይህ የሱ ችግር አይደለም። ሌሎቻችሁ ግን ዲናሞ ከማስፈታታችሁ በፊት ይህን እዩ።

የጎደለውን ደግሞ በዲስትልድ ውሃ ብቻ ሙሉ። አሲድ ጨምሩ የሚሏችሁን አትስሙ። ፈልቶ የሄደው ውሃው ነው፣ አሲዱ አብዛኛው ውስጥ ነው ያለው። አሲድ ስትጨምሩ ጥንካሬው በዝቶ ሳህኖቹን ይበላል። የቧንቧ ውሃም ማዕድን ስላለው አይሆንም። ላሜራው ላይ የፈሰሰውን ቤኪንግ ሶዳ በውሃ በጥብጣችሁ እጠቡት። ሶዳው ሴሎቹ ውስጥ እንዳይገባ ክዳኖቹ ይዘጉ።

የአባቴ ቮልስ ጻፈች፦

ሰላም። እኔ ያለኝ ቮልስዋገን ነው፣ ባለ 12 ቮልት፣ ዲናሞው የድሮው ዓይነት። ሰሞኑን 16 ቮልት አነበብኩባት። ጋሼ የጻፉትን ሙከራ እኔም ላድርገው?

ኤሌክትሪክ ቤት ጻፈ፦

እህቴ፣ የአንቺዋ በተቃራኒው ነው የምትሠራው፣ ስለዚህ ተጠንቀቂ። በላዳ ሮተሩ በአንድ በኩል ከማሳ ጋር ተያይዟል፣ ሬጉሌተሩ ኃይል ይልክለታል። ያ ገመድ ቦዲ ቢነካ ቻርጅ ይቆማል ወይም ፊውዝ ይቃጠላል። በቮልስ ዲናሞ ግን ፊልዱ (ማግኔት የሚሆነው ጥቅል ሽቦ) ኃይሉን ከራሱ ከዲናሞው ያገኛል፣ ሬጉሌተሩ ደግሞ ማሳውን ነው የሚሰጠው። ዲ ኤፍ የሚባለው ገመድ ተልጦ ቦዲ ከነካ ዲናሞው ያለ ልጓም በሙሉ ኃይሉ ያመነጫል። 16 ያነበብሽው ከዚያ ሊሆን ይችላል።

ፍተሻው ቀላል ነው። ሞተሩን አጥፊ። ከሬጉሌተሩ ላይ ዲ ኤፍን ብቻ ንቀይ፣ ጫፉን ምንም እንዳይነካ በቴፕ ሸፍኚው። አስነሺና ጋዝ ስጪ። ቻርጁ ከቆመ ገመዱ ደህና ነው፤ ወይ ሬጉሌተሩ ነው፣ ወይ የሬጉሌተሩ ማሳ። ቻርጁ ከቀጠለ ገመዱ ወይም ዲናሞው ውስጥ ያለው ፊልድ ቦዲ ነክቷል። ገመዱ ከሞተር ክፍል ወደ ውስጥ የሚያልፍበት ቀዳዳ ላይ ጎማው ካለቀ ላሜራው ይቆርጠዋል፣ እዚያ ጀምሪ። ስትመልሺ ዲ ኤፍና ዲ ፕላስ (ከዲናሞው ኃይል የሚያመጣው ገመድ) እንዳይቀያየሩብሽ።

ደግሞ ባትሪሽ ከኋላ ወንበር ሥር ነው። የወንበሩ ስፕሪንግ የባትሪውን ጫፍ ነክቶ እሳት የተነሳባቸው ቮልሶች አሉ። የባትሪው መሸፈኛ መኖሩን ዛሬውኑ እዪ። ሥሩ ያለውን ወለልም በካቻቪቴ ጫን እያልሽ ፈትሺው፤ አሲድ የፈሰሰበት ወለል ከላይ ደህና መስሎ ይበሳል።

የአባቴ ቮልስ ጻፈች፦

መሸፈኛው የለም! አሁን ወርጄ አየሁት። እስኪገኝ ወንበሩን አውጥቼዋለሁ። እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ።

ሰማያዊ ላዳ ጻፈ፦

ለካሁ። ቁጥሮቹን እንዳሉ አስቀምጣለሁ፣ ሞተሩ ጋዝ ተሰጥቶት እንደተያዘ።

ባትሪው ላይ 15.6። በ15 እና በሬጉሌተሩ ቆርቆሮ መካከል 14.1። ጋሼ ያሉት በትክክል! ከባትሪው ፖዘቲቭ እስከ 15 ያለው 1.4። የማሳው ወገን 0.1።

መጥረጊያውንና ፋኑን ሳበራ ባትሪው ላይ ከ15.6 ወደ 15.8 ወጣ። ወንድሜ አጠገቤ ቆሞ ነበር፣ ቴስተሩ ተበላሽቷል ነው ያለው።

አሁን መሀሉን እንዴት ልከፋፍለው?

ኤሌክትሪክ ቤት ጻፈ፦

14.1 እና 1.4 እና 0.1 ሲደመር 15.6 ነው። ቁጥሩ ገጠመ፣ የቀረ የተደበቀ ነገር የለም። ሬጉሌተርህን አትንካት።

ቀዩን ባትሪው ላይ እንዳለ ተወው፣ ገመዱ አጭር ከሆነ ቀጥልበት። ጥቁሩን ይዘህ መንገዱን ተከተል። መጀመሪያ ከኮንታክት ቁልፉ የሚወጣው ላይ፣ ቀጥሎ ለሬጉሌተሩ ኃይል የሚሰጠው ፊውዝ መግቢያ ላይ፣ ቀጥሎ መውጫው ላይ። ቁጥሩ ድንገት የሚዘልበት ቦታ ነው የሚፈለገው። ቮልቱ መጥረጊያ ስታበራ የወጣው በ0.2 ብቻ ስለሆነ ቁልፉ ድርሻ አለው፣ ትልቁ ግን ፊውዙ ጋ ይመስለኛል።

ሰማያዊ ላዳ ጻፈ፦

አገኘሁት፣ ፎቶም እለጥፋለሁ።

ኮንታክት ቁልፉ መውጫ ላይ 0.4። ፊውዙ መግቢያ ላይ ያው 0.4። ፊውዙን ዘልዬ መውጫው ላይ ሳደርገው 1.3። አንዲት ፊውዝ ላይ 0.9 ቮልት!

ሞተሩን አጥፍቼ ፊውዟን አወጣኋት። እነዚያ የድሮዎቹ፣ ሁለቱ ጫፋቸው ሾጣጣ የሆኑት ናቸው። ከላይ ስታይዋት ሳትቃጠል ደህና ናት። ግልብጥ ስትደረግ ግን አንዱ ጫፏ ጋ ፕላስቲኩ ቀልጦ ወደ ጎን ተጣሟል። የያዛት የመዳብ ምላስ ጠቁሯል፣ ሥሩ አረንጓዴ ነው፣ ስትጫነው የመመለስ ጉልበት የለውም። በጣት ስታሽከረክራት ያለ ምንም ማገጃ ትዞራለች። ፊውዝ ሳጥኑን የከፈቱ መካኒኮች ሁሉ ፊውዟ አለመቃጠሏን አይተው ነው የዘጉት።

ፖሊ ሰፈር ጻፈ፦

0.9 ቮልት፣ ሮተሩ ወደ 3 አምፔር ቢወስድ፣ ወደ 2.7 ዋት ሙቀት ነው። ለዚያች ጠባብ ቦታ ፕላስቲክ ለማቅለጥ ይበቃል።

ሰማያዊ ላዳ ጻፈ፦

ጥገናው አልቋል። የባትሪውን ኔጌቲቭ ነቅዬ ምላሶቹን በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት እስኪያበሩ ጠረግኳቸው። በፒንሳ ወደ ውስጥ ጎንበስ አደረግኳቸው፣ አሁን ፊውዙ ሲገባ በኃይል ነው። አዲስ ባለ 8 አምፔር ፊውዝ ገባ። ኮንታክት ቁልፉ ጀርባ ላይ ያለው ማያያዣ ላልቶ ነበር፣ እሱም ተጠርጎ ጠበቀ።

ባትሪው ላይ አሁን 14.3። መጥረጊያና ፋን ሲበራ 14.2። ትናንት ወረታ ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። ሽታ የለም። ባትሪው ላብ እንኳ አላወጣም። ማታ ድልድዩ ላይ ማንም ፍላሽ አላደረገብኝም።

ወረታ መንገድ ጻፈ፦

የኔም ተለካ። እስከ 15 ድረስ 1.1 ይቀራል። ፊውዝ ሳጥኔ ግን ከመጥረግ ያለፈ ነው፣ ምላሱ ተሰብሯል። ጋሼ፣ በሪሌ ማለፍ ይቻላል የሚሉት እውነት ነው?

ኤሌክትሪክ ቤት ጻፈ፦

ይቻላል፣ እኔም ያረጁት ላይ የማደርገው እሱን ነው። ተራ ባለ አራት እግር ሪሌ ግዛ፤ በትንሽ ኃይል ተነስቶ ትልቁን መስመር የሚያገናኝ ማብሪያ ነው። ወደ 15 ይሄድ የነበረውን የድሮ ገመድ ከሬጉሌተሩ ነቅለህ ሪሌውን ማስነሻ አድርገው፤ እግር 86 ላይ። 85ን ማሳ ስጠው። 30ን ከባትሪው ፖዘቲቭ በአዲስ ገመድ አምጣ፣ 8 አምፔር ፊውዝ ባትሪው አጠገብ ይግባበት። 87ን ወደ ሬጉሌተሩ 15። ገመዱ 1.5 ካሬ ሚሊሜትር ቢሆን 2.5 ቢሆን ችግር የለውም፣ ከ1.5 ግን አይቅጠን። የተሰበረውን ምላስ ግን ቢያንስ ሪሌውን ለማስነሳት በደንብ እንዲይዝ አድርገው፣ ካለዚያ መንገድ ላይ ቻርጅ ያቆምብሃል።

ስፕሪንጉን ወደ ቦታው መመለስ አትርሳ። ሪሌው ሲገባ ሬጉሌተርህ ትክክለኛውን ቮልት ማየት ትጀምራለች፣ እንደላላ ከተውከው 13 ላይ ትቆምብሃለች። ጋዝ ተሰጥቶ፣ መብራት ጠፍቶ፣ ባትሪው ላይ 14.1 አካባቢ እስክታነብ በትንሽ በትንሹ አጥብቀው። ከሩብ ሰዓት በኋላ፣ ሬጉሌተሯ ስትሞቅ፣ እንደገና ለካው።